በር የምታሰፋው አገር

አንጓች ከሞተች ገና አርባዋ አልወጣም።

ባሏ መንበሩ የበር አናጢ ነው። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ መጋዝ አልጨበጠም። ጠዋት ሕፃን ልጁን አዝሎ ጎረቤቱ እትዬ ደብሪቱ ዘንድ ይሄዳል፤ እትዬ ደብሪቱ የራሷን ልጅ አጥብታ ስታበቃ የእሱን ታጠባለች። ከዚያ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ማታም እንዲሁ። ወንድ ሰው ሕፃን አዝሎ መሄድ በዚያች አገር ያስቃል። መጀመሪያ ሰሞን የሰፈር ልጆች እየተከተሉ «እማማ መንበሩ» ይሉት ነበር። ዝም ሲላቸው ሰለቻቸውና ተዉት።

አገሪቱ በሁለት ወንዝ መካከል ናት ይባላል። ስሟን የሚያነሳ የለም፤ ያነሳ ሰው «ለምን አነሳህ» ይባላልና።

በዚያች አገር ማንም እንዳሻው ተነስቶ ቤት አይሠራም። መጀመሪያ ከነዳፊዎች ቤት ነዳፊ ይመጣል። ነዳፊ ማለት ቤቱ ሳይኖር ቤቱን የሚያይ ሰው ነው። ያየውን በብራና ይነድፋል፤ መሬት ላይ ገመድ ያስይዛል፤ ችካል ያስመታል። ግንበኛውም አናጢውም የእሱን መስመር ተከትለው ይሠራሉ። ቤቱ ሲያልቅ ብራናው ይፋቅና ለሌላ ቤት ይውላል። ለነዳፊው የሚቀርለት ከበሩ አናት በሚጋደመው ድንጋይ፣ በጉበኑ ላይ፣ የሚቀረጸው ስሙ ብቻ ነው። በጉበን ላይ ስሙ የሌለ ነዳፊ ዕድሜውን ሙሉ ሲነድፍ ቢኖርም፣ ሲሞት «አልነበረም» ይባላል። ስድብ አይደለም፤ የአገሩ አነጋገር ነው።

ነዳፊዎቹ ድሮ ሁሉም ወንዶች ነበሩ። አንድ ክረምት የገዢው እናት ማድ ቤታቸው የጭስ መውጫ አጥቶ ሲስሉ ከረሙ። በመጨረሻ «ይህን የነደፈው ሰው ማድ ቤት ገብቶ አያውቅም» አሉ። የገዢ እናት የተናገሩት ቃል መሬት አይወድቅምና ሴቶችም ነዳፊ ይሁኑ የሚል አዋጅ ወጣ። አዋጁን የሚያስፈጽም ሹም ተሾመ፤ የአቀባበል አዛዥ ተባለ።

አቀባበሉ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ነው። ልጃገረዶች ከየአውራጃው ይመጣሉ። ከበሮ ይመታላቸዋል። እግራቸው ይታጠባል። ለእያንዳንዷ በጥለት የተጠቀለለ መለኪያ ዘንግ ይሰጣታል። አዛዡ የገቡትን ቆጥሮ ለገዢው ይነግራል፤ ቁጥሩ ካምናው ከበለጠ ካባ ይለብሳል። የሚወጡትን የሚቆጥር ሹም ግን አልተሾመም። መውጣት አቀባበል አይደለምና።

ይወጡም ነበር። በማግስቱ ዘንጉ ይወሰድና ገመድ ይሰጣቸዋል። ገመድ ያዥነት የሁሉም መጀመሪያ ነው፤ ወንዶቹም ይይዛሉ። ወንዶቹ ግን ከርመው መስመር ሳቢ ይሆናሉ፤ ከዚያ ነዳፊ ይሆናሉ። ሴቶቹን «ገመዱ ይስማማችኋል፤ ስትይዙት አይንቀጠቀጥም» ይሏቸዋል። ምስጋና ይመስላል። ምስጋናው ሲበዛባቸው አንድ በአንድ፣ ጎንበስ ብለው፣ በኋላ በር ይወጣሉ።

የሸንጎ ሰዎች ይህን ነገር ሳይመክሩበት አልቀሩም። ብዙ ተናገሩ፤ ብዙ ተበላ። መጨረሻ ላይ አንድ አዋቂ ተነስቶ ሴቶቹ የሚሸሹት ሲገቡ በሩ ስለሚያጋፋቸው ነው አለ። የተጋፋ ሰው ቂም ይይዛል አለ። ሸንጎው ደስ አለው። በሩ ይስፋ ተባለ፤ ሰፋ። በዓመቱ ሴቶቹ ደግሞ ወጡ። አሁንም ይስፋ ተባለ። እንዲህ እንዲህ እያለ በሩን ማስፋት የዓመት ሥራ ሆነ። አናጢው መንበሩ እንጀራውን የሚበላው ከዚህ ነበር።

አንጓችን ያገኛት እዚያው በሩ ላይ ነው። ያኔ ገመድ ያዥ ነበረች። ሲሠራ ቆማ አየችው፤ በሩን ከዳር እስከ ዳር ለካችው በዓይኗ።

«አናጢው፣ በዚህ ዓይነት ብትቀጥል ቤቱ ያልቅና በሩ ብቻውን ይቀራል» አለችው።

ሳቀ። በማግስቱም ትመጣለች ብሎ ሥራውን አዘገየ። መጣች።

አንጓች በኋላ በር ሳትወጣ የቆየች ሴት ናት። ገመድ ይዛ፣ መስመር ስባ፣ ነዳፊ ሆነች። እንዴት እንደቻለች ሲጠይቋት ትቀልዳለች። ቤት የሚሠራበት ቦታ ስትደርስ ግንበኞቹ አልፈዋት እያዩ «ነዳፊው የታለ?» ይላሉ። እሷም «ታሟል፤ እስኪሻለው እኔን ጠይቁኝ» ትላቸዋለች። ይጠይቋታል። በቀጣዩም ቤት ነዳፊው እንደታመመ ነው። አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ከልቡ አዝኖ ለዚያ ነዳፊ ጠበል ሊወስድለት ፈልጎ ነበር።

የመጨረሻ ሥራዋ የምንጩ ቤት ነው። ሴቶች ውሃ ሲቀዱ ፀሐይና ዝናብ እንዳያገኛቸው የሚሠራ ቤት። አንጓች ከምንጩ ፊት ለፊት በጀርባ ቁመት የድንጋይ መደብ ነደፈችበት። ሴትየዋ እንስራዋን ሞልታ መደቡ ላይ ታስቀምጣለች፤ ዞራ ጀርባዋን ትሰጠዋለች፤ ማዘያውን ጠበቅ አድርጋ ትነሳለች። አሳዝሉኝ ብላ ሰው አትለምንም። የነዳፊዎች ቤት አለቆች መደቡን አይተው ጌጥ መስሏቸው ነበር።

ቤቱ ሲጀመር አንጓች ነፍሰ ጡር ነበረች። ጉበኑ ሊጫን ሲል ወለደች።

እዚህ ላይ የአገሩን ሕግ መናገር ግድ ነው። በነዳፊዎች ቤት ግቢ አንድ ድንጋይ ቆሟል። «የወለደች ሴት እጅ መስመር ይረሳል» ይላል። ነዳፊ ከወለደች ማዕረጓ ይነሳና ወደ ገመድ ያዥነት ትመለሳለች። ሕጉ የወጣው ጥንት አንዲት አራስ የነደፈችው በር ገዢውን ግንባሩን ስለመታው ነው። በሩን የነደፈው ወንድሟ እንደነበር በኋላ ታውቋል። ግን ድንጋዩ ቀድሞ ተቀርጾ ነበር፤ ድንጋይ ደግሞ በከንቱ አይጣልም።

ሌላም ሕግ አለ። ጉበን በሚጫንበት ቀን ነዳፊው ከሥሩ መቆም አለበት። ያልቆመ ስሙ አይቀረጽም። አንጓች ቀኑ እንዲገፋላት ለመነች። ቀኑን ኮከብ ቆጣሪ ነው ያወጣው፤ አይገፋም አሏት። መንበሩ እኔ ልቁምልሽ አላት፤ ያ ደግሞ አይቻልም። ከአራስ ቤት ተነስታ ሄደች። ዝናብ ነበር። ደርሳ ከጉበኑ ሥር ስትቆም አንዱ አለቃ መጣና እዚያ የሚቆመው ነዳፊ መሆኑን፣ እሷ ግን ከወለደች ወዲህ ገመድ ያዥ መሆኗን አስታወሳት። ገመዱን ሰጣት። ድንጋዩ ተስተካክሎ እስኪጫን ድረስ ገመዱን ይዛ ዝናቡ ላይ ቆመች። አልተንቀጠቀጠባትም። ከጉበኑ ሥር የአዛዡ የእህት ልጅ ቆመ።

ቤት ስትገባ ብርድ ብርድ አላት። ከዚያ ትኩሳቱ ያዛት። አልተነሳችም።

እንግዲህ በአገሩ ልማድ ሰው የሞተበት ጉበን አርባው እስኪወጣ የሌላ ሰው ስም አይቀረጽበትም። ከአርባው በኋላ የአዛዡ የእህት ልጅ ስም ይቀረጻል። ብራናው ተፍቋል። መንበሩ ይህን ያውቅ ነበር። ልጁ አድጋ እናቴ ምን ነበረች ብትለው የሚያሳያት ነገር የለውም።

አዛዥ ልሳኑ፣ የአቀባበል አዛዡ፣ ወደ ቤቱ የመጡት በዚህ መካከል ነው። ጥላ ያዥ አስከትለው መጡ። ተቀመጡ፤ እግዜር ያጽናህ አሉ፤ ሕፃኗን አይተው እናቷን ትመስላለች አሉ። ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ገቡ። በየዓመቱ በአቀባበሉ ቀን፣ በቤቱ ውስጥ ረዥም ጊዜ የቆየች አንዲት ሴት በሩ ላይ ትቆምና ለሚገቡት ልጃገረዶች ሦስት ቃል ትላለች። «ገባሁ፤ ተቀበሉኝ፤ አለሁ።» አይጨመርበትም፤ አይቀነስለትም። ምስክር ትባላለች። ላለፉት ዓመታት ምስክሯ አንጓች ነበረች። ዘንድሮ ሌላ ቢፈለግ ረዥም ጊዜ የቆየች ጠፋች። ሕግ አዋቂዎች ተጠየቁ፤ ምስክሯ ባትኖር ባሏ ሊቆምላት ይችላል አሉ።

«አንተ እንግዲህ ‹ገባች፤ ተቀበሏት፤ አለች› ትላለህ» አሉት።

«ሞታለች እኮ» አለ መንበሩ።

«እናውቃለን፤ ቀብር ላይ ነበርን። ቃሉ ግን የቤቱ ነው እንጂ የሷ አይደለም። ምስክር ከሌለ ደግሞ ልጆቹ አይገቡም።»

 አዛዡ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ቃሉን ከተናገረ በምንጩ ቤት ጉበን ላይ የአንጓች ስም እንደሚቀረጽ ነገሩት። ለእህታቸው ልጅ እሳቸው ሌላ ጉበን ይፈልጉለታል።

መንበሩ ብዙ አላሰበም። ለማሰብም ጉልበት አልነበረውም። ሕፃኗ ማልቀስ ጀምራ ነበር። እሺ አለ።

በዚያች አገር ተስፋ በባዶ አይሰጥም፤ ግማሹ አስቀድሞ ይፈጸማል። በማግስቱ ፊደል ቀራጩ አያ ቢምር መሰላላቸውን ተሸክመው ወደ ምንጩ ቤት ሄዱና የስሟን የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት ቀረጹ። መንበሩ ሕፃኗን አዝሎ ሄዶ ከታች ቀና ብሎ አየ። «አን» ይላል። ፊደሉ ጥልቅ ነው። ደህና እጅ ነው አለ በልቡ። ተመለሰ።

የአቀባበሉ ዋዜማ እትዬ ደብሪቱ ሕፃኗን እያጠባች አቀርቅራ ትሰማዋለች። እትዬ ደብሪቱም ቀድሞ ነዳፊ ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ገመድ ሰጧት፤ ገመዱን መሬት ላይ አስቀምጣ በኋላ በር ወጣች። አሁን ጨው ትሸጣለች።

«ነገ ‹አለች› ልትል ነው?» አለችው።

«ስሟን ይቀርጹላታል።»

«ይቀርጹላት። ደግ ነው።» ሕፃኗን ወደ ሌላው ጡት አዞረች። «እኔ የነደፍኩት ጎተራ ላይ የማን ስም እንዳለ ታውቃለህ? ገመድ ሳስይዘው የነበረ ልጅ ነው። አሁን ጨው ሊገዛ ይመጣል። ስሰፍርለት ‹እትዬ፣ ምራቂ› ይለኛል።»

«ትጨምሪለታለሽ?»

«ምን ላድርግ፤ ደንበኛ ነው።»

ሁለቱም ትንሽ ሳቁ። ከዚያ መንበሩ ስትወጪ ለምን ለሰው አልተናገርሽም ብሎ ጠየቃት። ለማን ብላ መለሰችለት፤ የወጣን ሰው የሚሰማ ሹም የለም። ነገስ ምን ላድርግ አላት።

«እኔ ያለኝ ጡት ነው፤ ምክር የለኝም» አለችው። «ልጅቷን ግን ይዘሃት ሂድ። እኔ ነገ ገበያ ነኝ።»

በማግስቱ መንበሩ ሕፃኗን አዝሎ ወደ ነዳፊዎች ቤት ሄደ። በሩ እሱ ሐዘን ላይ ስለነበር በሌላ አናጢ ሰፍቷል። ዘንድሮ የሚሰፋበት ቦታ አልነበረም፤ ግድግዳው አልቋል። በበሩ ጎን ግን ሴቶች ልጅ የሚያጠቡባት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። የበሩን ክንፍ አላስከፍት አለች ተብላ ፈረሰች። አሁን በሩ ሦስት ጋሪ ጎን ለጎን ያስገባል። መንበሩ ሥራውን አየው። ማጠፊያው ጠማማ ነው። 

ልጃገረዶቹ መጥተዋል። እግራቸው ታጥቧል። ዘንጋቸውን ይዘው ተሰልፈዋል፤ ጥለቱን እየነካኩ ይሳሳቃሉ። አንዷ ጥለቱን ፈትታ የደጃፉን ድንጋይ መለካት ጀምራለች። ከበሮው ቆመ። አዛዥ ልሳኑ ካባቸውን አስተካክለው ምስክር ይናገር አሉ።

መንበሩ ሦስቱንም ቃል ሊል ነበር የመጣው። ይህን ማወቅ ያስፈልጋል።

«ገባች» አለ። እውነት ነው፤ ገብታለች።

«ተቀበሏት» አለ። ይህም እውነት ነው። ከበሮ ተመትቶላታል።

ሦስተኛዋ ቃል ቀረች። አጭር ቃል ናት። ቢላት አንጓች ጉበኑ ላይ ትኖራለች፤ ሰው ሁሉ ውሃ ሊቀዳ በመጣ ቁጥር ያነባታል። ካላላት አልነበረችም። አፉን ከፈተ። ልጃገረዶቹ ያዩታል። አንጓች ስትገባ በእነሱ ዕድሜ ነበረች፤ እሱ ያኔ አያውቃትም። ቃሉ አልወጣ አለው። ከበሮ መቺው ያለቀ መስሎት እጁን አነሳ፤ አዛዡ በዓይናቸው መለሱት።

ድንጋዩን ስትለካ የነበረችው ልጅ ቀና አለች። የውብዳር ትባላለች፤ ከቆላ ነው የመጣችው።

«ወንድሜ፣ ያዘልካት ልጅ የሷ ናት?» አለችው።

«አዎ።»

«እሷስ የት ናት ታዲያ?»

መንበሩ አዛዡን አየ። አዛዡ ሦስተኛዋን ቃል በከንፈራቸው ብቻ ያሳዩት ነበር።

«ሞታለች» አለ።

ከዚያ የቀረውን ነገራቸው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። በግቢው ስለቆመው ድንጋይ፣ ስለ ጉበኑ ቀን፣ ስለ ዝናቡ፣ ገመድ ይዛ እንደቆመች ነገራቸው። የኋላውን በር በየት በኩል እንደሆነ አሳያቸው። የበሩ አናጢ እሱ እንደነበርና ለዓመታት ሲያሰፋው እንደኖረም ተናገረ። አዛዡ ከበሮ እንዲመታ ምልክት ሰጡ፤ ከበሮ መቺው ግን እየሰማ ነበርና አላያቸውም።

«አትግቡ አልልም» አለ መንበሩ። «እሷ ሥራውን ትወደው ነበር፤ ስትነድፍ ምሳ ትረሳለች። ግን ሳትገቡ በፊት ስንወልድስ ብላችሁ ጠይቁ። እሷ ሳትጠይቅ ነው የገባችው።»

ያለው ይህን ብቻ ነው። ሕፃኗን በጀርባው ላይ ከፍ አደረጋትና ወደ ጎን ቆመ።

የውብዳር ወደ አዛዡ ዞረች።

«ጌታዬ፣ ብንወልድስ?»

«ልጄ፣ ዛሬ የአቀባበል ቀን ነው» አሉ አዛዡ። «የመውለድ ነገር የሚመለከተው ሌላ ሹም ነው።»

«ማን ይባላል?»

«ገና አልተሾመም።»

ከኋላ አንዲት ልጅ ሳቀች፤ ሳቁ ተዛመተ። አዛዡ እሳቸውም ሊስቁ ትንሽ ነበር የቀራቸው። ከዚያ ጥቂቶቹ ዘንጋቸውን በደጃፉ ድንጋይ ላይ አኑረው ወደ መጡበት ተመለሱ። ጥቂቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ፤ አገራቸው ሩቅ ነው፤ መመለሻ የላቸውም። የውብዳር ግን አልገባችም፤ አልተመለሰችም። ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ሹሙ እስኪሾም እጠብቃለሁ አለች። ሌሎችም መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። በሩ ሰፊ ስለሆነ ለሁሉም በቃቸው።

አዛዡ አሰቡ። ጸሐፊያቸውን ጠርተው በጆሮው አንሾካሾኩለት። ምስክር ቆሟልና ቃሉ ባይሞላም የገባ ገብቷል፤ ደጃፍ ላይ የተቀመጠችም እግሯ ከውስጥ ስለሆነ እንደ ገባች ትቆጠራለች ተባለ። ተቆጠሩ። ቁጥሩ ካምናው በለጠ።

ሲያልፉ መንበሩ አጠገብ ቆም አሉ። የተቆጡ አይመስሉም፤ የደከሙ ነው የሚመስሉት።

«አንዲት ቃል ነበረች እኮ» አሉት።

«አዎ» አለ መንበሩ።

«እኔ የምቆጥረው የገባውን ነው። ሌላ መቁጠሪያ አልሰጡኝም።» ቀና ብለው የሰፋውን በር አዩ። «የጉበኑ ፊደል ይሞላል። ታውቀዋለህ።»

«አውቃለሁ።»

ቀኑ እየመሸ ነበር። ሕፃኗ ርቧት ታለቅሳለች። መንበሩ እትዬ ደብሪቱን ፍለጋ ወደ ገበያ ወረደ፤ ጨውዋን ሰብስባ ተቀምጣ አገኛት። ሰው አስቀድሞ ነግሯት ነበር። ምንም አልጠየቀችውም። ሕፃኗን ተቀበለችው፤ አጠባቻት፤ እስክታገሳ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። ስትመልስለት «ደህና አደረግህ ልበልህ?» አለችው።

«አትበዪኝ» አላት።

ከገበያ ወደ ቤት የሚያስኬደው መንገድ በምንጩ በኩል ነው። ሌላም መንገድ ነበረ፤ ግን ይረዝማል፤ ሕፃኗም ተኝታለች። ሲደርስ አያ ቢምር ከጉበኑ ሥር መሰላል አቁመው፣ ባልዲ ኖራ በአንድ እጃቸው ይዘው ሊወጡ ሲታገሉ አገኛቸው። መሬቱ ውሃ የጠጣ ነው። የመሰላሉ እግር ይሸሻል። አንድ ደረጃ ይወጣሉ፤ ይንሸራተታል፤ ይወርዳሉ። ውሃ ሊቀዱ የመጡት ሴቶች ቆመው ያዩአቸዋል።

መንበሩ ጠጋ አለና መሰላሉን ያዘ።

አያ ቢምር ሁለት ደረጃ ወጥተው ቆሙ። ወደ ታች ሳያዩ «ባሏ ነህ?» አሉት።

«ነኝ።»

«ሂድ፤ ልጄ። ይህን ቆመህ አትይ። እኔ ቀስ ብዬ እወጣዋለሁ።»

«ይወድቃሉ» አላቸው።

ሽማግሌው ባልዲውን አስተካከሉ። ከዚያ ወጡ። ኖራውን በመዳፋቸው እያፈሱ ፊደሎቹን ሞሉ፤ በጣታቸው ጠቀጠቁ፤ በእርጥብ ጨርቅ አስተካከሉ። ድንጋዩ እንደ መጀመሪያው ሆነ። መንበሩ ሕፃኗን እንዳዘለ፣ በሁለት እጁ መሰላሉን ይዞ፣ አያ ቢምር ጨርሰው እስኪወርዱ ድረስ ቆመ።